ባላው አንድ፣ ተንጠልጣዩ ሁለት

ከበጎቹ በላይ፣ ከደመናው በታች፣
ዌልስ ውስጥ ጋራ አለች፣ ስሟ ለአፍ የማይመች፤
ጫፏ ላይ አንድ ማማ፣ ከሥሩ ቆርቆሮ ቤት፣
ሁለት ደጋሚዎች ጎን ለጎን ያሉበት።

ደጋሚ ማለቴ፣ ዳዊት አይደግሙም፤
ሪፒተር ናቸው፣ የሰሙትን አያሳድሩም፤
ከሸለቆ የወጣች ደካማ ድምፅ ተቀብለው
ከጋራው ማዶ ያደርሷታል ጉልበት ጨምረው።

አንዱ የኢድዋል ነው፣ የላይ ሸለቆው ሰው፣
የሁለት ሜትር ሞገድ፣ ገደል ለገደል የሚሄደው።
ሌላው የካራዶግ፣ ባቡር ነጂ የነበር፤
ሰባ ሳንቲም ሞገድ፣ እንደ ጌታው አጭር።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቁልፍ ተፈራረቁ፤
ማክሰኞ ያንዱ፣ ሐሙስ ያንዱ፣ እየተራራቁ።
ጠቡ ከምን መጣ? ኢድዋል "መሰላል" ይላል።
ካራዶግ "ሒሳብ" ይላል።
እኔ የማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ፤
ሁለቱንም በቃለ ጉባኤ ጽፌ ዝም አልኩ።

ከዚያ ማማውን የገዛው ድርጅት ደብዳቤ ላከ፦
ከመጋቢት ጀምሮ አንድ ኬብል፣ አንድ አንቴና።
ሌላው ይውረድ።
ከሰላምታ ጋር።

ተረቱ "ሁለት ባላ ትከል" ነበር የሚለው፣
አንዱ ቢሰበር በአንዱ ሊንጠለጠሉበት ነው።
እዚህ ግን ባላው አንድ፣ ተንጠልጣዩ ሁለት፣
ያውም ዓይንህን አልይ የተባባለ ጎረቤት።

አዲሱን አንቴና ኔስት ሰቀለችው፤
የከብት ሐኪም ናት፣ ጥጃ ስባ ስባ ክንዷ የጠና ነው።
"ሁለታችሁም ገመድ ያዙ" አለች ከላይ ሆና።
ያዙ። አንዱ በምሥራቅ፣ አንዱ በምዕራብ፤
በመካከላቸው የከረረ ገመድ፣ ቃል ግን የለም ገና።

ከዚያ ሳጥኗ ገባች፣ ሳሙና የምታህል፣
ሦስት አፍ ያላት፣ አንዱ ወደ ላይ፣ ሁለቱ ወደ ታች፤
ረጅሙን ሞገድ በግራ፣ አጭሩን በቀኝ ታሳልፋለች፣
እንደ ብልህ ሽማግሌ፣
ያንዱን ላንዱ ሳታቀብል።

ግን ኢድዋል ሲናገር ካራዶግ ደነቆረ።
ሪፒተሩን ማለቴ ነው።
"አላልኩም?" አለ ካራዶግ ለኔስት፣ ጆሮው ቀልቶ፣
"የዚያ ሰው ድምፅ እኔ ደጅ ይወድቃል በሦስት ተባዝቶ!"
ሒሳቡ ልክ ነው። መቶ አርባ አምስት ከምናምን በሦስት፤
አራት መቶ ሠላሳዎቹን አንኳኩቶ መግባት።

ማጣሪያ ጨመሩ፤ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።
ኃይል ቀነሱ። ኬብል ቀየሩ። ያው ነው።
ኔስት ነች ያገኘችው በማማው ወገብ ላይ፤
አንድ የዛገ ብሎን፣ የዱሮ አንቴና ማሰሪያ፣
ሁለቱ ወዳጅ ሳሉ
አብረው ያጠበቁት።
ዝገት የሰማውን አስተካክሎ አያወራም፣
እንደ ሰፈር ወሬኛ አንዱን ሦስት ሳያደርግ አያድርም።
ነቅላ ወረወረችው። ሣሩ ውስጥ ጠፋ።
አንዲት በግ ደነገጠች፣ መልሳ ጋጠች።

አልታረቁም። እንዳይመስላችሁ።
ቁልፉ ዛሬም ማክሰኞ ያንዱ፣ ሐሙስ ያንዱ ነው።
ብቻ ባለፈው ሐሙስ ማታ፣ በረዶው ሲያካፋ፣
በሰባ ሳንቲሙ ላይ አንድ ሰው ቁልፉን ተጭኖ
ሳይናገር ለቀቀ።
ደግሞ ተጫነ።
ባዶ ሞገድ፤ በባዶው ውስጥ የግድግዳ ሰዓት፣
አንድ እርምጃ ረዘም፣ አንድ እርምጃ አጠር፣ የሚያነክስ ሰዓት።
እንዲህ የሚያነክስ ሰዓት ያለው
በሁለቱም ሸለቆ አንድ ቤት ብቻ ነው።

ካራዶግ ሕግ አጥባቂ ነው፤
የጥሪ ስሙን ያልተናገረ ስንቱን አሳፍሯል።
ቆየ።
የሪፒተሩ ጭራ እስኪቆረጥ ቆየ።
ከዚያ ተጫነና "ማንም ሁን" አለ፣
"ትሰማለህ።"

አላልታችሁ አንብቡት፣ አጥብቃችሁም፤
ባንድ ዘንግ ሁለቱም ያልፋል፣ አይጋጭም።